ሞላና ዘይት፦ የሞተር ሳይክል ሾክን በመወዳደሪያ መምና በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ መንገዶች ላይ ስለ ማስተካከል

ሞተር ሳይክል በሁለት ጎማ ብቻ የሚሄድ እንደ መሆኑ፣ ነጂውን የሚሸከመውም፣ የሚያዞረውም፣ የሚያቆመውም እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ከመዳፍ እምብዛም የማይሰፋ ቦታ ነው። ይህ ቦታ ለአፍታ ከመሬት በተነሣ ቁጥር ፍሬኑም፣ መሪውም፣ የሞተሩ ጉልበትም ለዚያች አፍታ ከንቱ ይሆናሉ። ጎማው ጉብታውን ሲወጣ፣ ጎድጓዳውን ሲወርድ ከመሬት ሳይለይ እንዲከተል፣ ቴላዮውና ነጂው ግን በተቻለ መጠን ሳይናወጡ እንዲሄዱ የሚያደርገው ከፊት ፎርክ፣ ከኋላ ደግሞ ሾክ የተባለው ክፍል ሲሆን፣ ሁለቱን በአንድነት ሰስፔንሽን ብሎ መጥራት ተለምዷል። ብዙ ሰው የዚህን ክፍል ሥራ ከምቾት ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ በሥራው ግን ጎማን መሬት ማስያዝ ይቀድማል፣ ምቾት የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል ከማንም በላይ ጠንቅቀው ያወቁት በአስፋልት መም ላይ የሚወዳደሩ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ሞያቸው ሌላ ሆኖ በትርፍ ጊዜያቸው የሚወዳደሩት፣ ቡድንም መሐንዲስም ስለሌላቸው ሜትርና መፍቻ ይዘው ሾካቸውን ራሳቸው ያስተካክላሉ። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንዲህ ያለ መም የለም። ያለው ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ የአገሬው ሰው የቻይና መንገድ የሚለው ዋና መንገድ፣ ከእርሱ እየተገነጠሉ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወርዱ ኮረኮንቾችና ፒስታዎች፣ በጉና ተራራ ማዶም የእስቴ ከተማ ወደ ሆነችው መካነ ኢየሱስ የሚያደርሰው መንገድ ነው። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛውና ነጋዴው በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚነዱት ሞተር በአንድ ቀን የሚደርስበት ድብደባ ለስላሳ አስፋልት ላይ የሚሽከረከር የውድድር ሞተር ከሚደርስበት ይበልጣል። ስለዚህ የመሙ ዕውቀት ከመሙ ይልቅ ለዚህ አገር ያስፈልጋል ማለት ማጋነን አይሆንም።

ለሻካራ መንገድ የሚሰጠው መልስ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው መንገዱን ማስተካከል፣ ሁለተኛው በላዩ የሚሄደውን ነገር ማስተካከል። የመጀመሪያው መልስ በጋይንት ምድር የታወቀ ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ ሰባ ኩንታል የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ጋይንትን አቋርጠው፣ በዋድላና በደላንታ አልፈው፣ የበሽሎን ወንዝ ተሻግረው እስኪደርሱ አምስት ወር ተኩል ገደማ የፈጀባቸው ገደሉ እየተናደ፣ ቋጥኙ እየተፈነቀለ ጎዳናው በየዕለቱ በፊታቸው ይሠራ ስለ ነበር ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ያን ያህል ክብደት ለተጫነበት ሠረገላ ከመንገዱ በቀር የሚስተካከል ነገር አልነበረም። ሁለተኛው መልስ ለሞተር ሳይክል በሚገባ የተገኘው ዘግይቶ ነው። ቢኤምደብልዩ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በዘይት የሚረግብ ባለ ቱቦ ፎርክ በ1935 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣ፤ ሉሲየን ቲልከንስ የተባለው ቤልጂጋዊ መሐንዲስ የፈለሰመው ባለ አንድ ሾክ የኋላ አሠራር ደግሞ በያማሃ ላይ ተገጥሞ በ1973 እ.ኤ.አ. በስዊድናዊው ሆካን አንደርሶን አማካይነት የ250 ሲሲ የሞቶክሮስ (የአፈር መም ውድድር) የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ በስዊድን የተመሠረተው ኦሊንስ ሾክን ብቻ የሚሠራ ኩባንያ ሆኖ መነሣቱ፣ ይህ ክፍል ከሞተሩ እኩል ድል የሚያስገኝ መሆኑ በውድድሩ ዓለም ዘንድ እንደ ታመነበት ያሳያል።

በሾክ ውስጥ ሥራቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ ታስረዋል፤ ሞላና ዘይት። ሞላ ክብደት ይሸከማል፤ በተጫነ መጠን ያጥራል፣ የተጫነውንም ጉልበት አጠራቅሞ መልሶ ይሰጣል። የሚሰጠውን ጉልበት የሚቀበለው ሌላ ነገር ከሌለ ሞተሩ ከአንድ ጉብታ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ሽቅብ ቁልቁል ይዘላል። ይህን መዝለል የሚያስቀረው ዘይቱ ነው፤ በሾኩ ውስጥ ያለው ፒስተን ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ይገደዳል፣ በማለፉም የእንቅስቃሴው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለዚህ ነው ከረጅም ኮረኮንች በኋላ ሾክ በእጅ ሲነካ የሚሞቀው፤ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ውሎ ያልሞቀ ሾክ ካለ ዘይቱ ሥራውን መተዉ ሊጠረጠር ይገባል። የዘይቱ ሥራ በሁለት ይከፈላል፤ ጎማው ወደ ላይ ሲገፋና ሾኩ ሲያጥር የሚደረገው የግባት ማርገብ፣ ሞላው ሾኩን መልሶ ሲያስረዝም የሚደረገው ደግሞ የምላሽ ማርገብ ይባላል። በውድድር ሞተር ላይ ሁለቱም በየራሳቸው ብሎን የሚስተካከሉ ሲሆን፣ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ከተጠበቀ በኋላ ወደ ኋላ ሲፈታ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እየተቆጠረ ልኩ በደብተር ይመዘገባል።

ከሞላ ጋር የተያያዘውና በብዛት የሚሳሳቱበት ነገር ቅድመ ጫና ነው። ቅድመ ጫና ማለት ጭነት ሳያርፍበት ሞላው ገና ከመነሻው ምን ያህል እንደ ተጨመቀ የሚወስነው ልክ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ የአገልግሎት ሞተሮች የኋላ ሾክ ላይ በደረጃ በተቆረጠ ቀለበት ይስተካከላል። ቀለበቱን ማዞር ሞላውን ያጠነክረዋል የሚለው እምነት የተስፋፋ ነው፤ ሐቁ ግን ሌላ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለማጠር 5 ኪሎ ግራም የሚፈልግ ሞላ አስቀድሞ 10 ሚሊ ሜትር ቢጨመቅ፣ 50 ኪሎ ግራም እስኪያርፍበት ድረስ ጨርሶ አይነቃነቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር የሚጠይቀው ያንኑ 5 ኪሎ ግራም ነው። የተለወጠው የሞላው ጥንካሬ ሳይሆን ሞተሩ የሚቆምበት ከፍታ ነው። ስለዚህ ቀለበቱ የተሠራው ሞተሩ ጭነት ሲበዛበትም ሲያንስበትም በሾኩ እንቅስቃሴ ውስጥ ተገቢ ቦታውን እንዲይዝ ነው።

ተገቢ ቦታ የሚለካው በዝቅታ ነው። ዝቅታ ማለት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲረዝም ካለው ልክ ተነሥቶ ሞተሩ በክብደት የሚወርድበት መጠን ነው። አለካኩ ከሜትር በቀር መሣሪያ አይፈልግም፤ ከኋላ ጎማው አክስል እስከ መቀመጫው ሥር ምልክት የተደረገበት ነጥብ ያለው ርቀት በመጀመሪያ ጎማው ተንጠልጥሎ፣ ቀጥሎ ሞተሩ በራሱ ክብደት ብቻ ቆሞ፣ በመጨረሻም ነጂው በሙሉ ልብሱ ተቀምጦ ይለካል። የሾኩ ውስጣዊ ፍትጊያ ልኩን ስለሚያዛባ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ወደ ታች ተጭኖ ቀስ ብሎ እንዲነሣ፣ አንድ ጊዜም ወደ ላይ ተነሥቶ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ተደርጎ የሁለቱ አማካይ ይወሰዳል። በአስፋልት መም ላይ ነጂው ተቀምጦ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝቅታ የተለመደ ነው፤ የኋላ ጎማው እንቅስቃሴ ወደ 300 ሚሊ ሜትር በሚደርስበት በሞቶክሮስ ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የእንቅስቃሴው አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ያለ ዝቅታ የሚሄድ ሞተር ጎድጓዳ ሲያጋጥመው ጎማውን ወደ ታች የሚሰድበት ትርፍ ስለሌለው ጎማው በአየር ላይ ይቀራል፤ ዝቅታው የበዛ ደግሞ ከጉብታው ገና ሳይደርስ ብዙውን እንቅስቃሴውን ስለሚጨርስ፣ ጉብታው ሲመታው ብረት ከብረት ይጋጫል።

ከዚህ ልኬት አንድ ግርምት የሚፈጥር ውጤት ይገኛል። ነጂው ሲቀመጥ ዝቅታው ልክ ሆኖ ሞተሩ በራሱ ክብደት ብቻ ሲቆም ግን ምንም የማይወርድ ከሆነ፣ ሞላው ጠንካራ ነው ብሎ መፍረድ ይቀናል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሞላው ለነጂው ክብደት የላላ ስለሆነ፣ ልኩን ለማግኘት ሲባል ቅድመ ጫናው ከመጠን በላይ ጨምሯል ማለት ነው። በጋይንትና በስማዳ ብዙ ሞተሮች ያሉበት ሁኔታ ይኸው ነው። ለገበያ ቀን ከነጂው ኋላ አንድ ሰው ወይም አንድ ኩንታል ድንች ይጫናል፣ ለዚህም ሲባል ቀለበቱ ወደ መጨረሻው ደረጃ ይዞራል፤ ጭነቱ ሲራገፍ ግን ወደ ቦታው የሚመልሰው የለም። ነጂው ባዶ ሞተሩን ይዞ ሲመለስ የኋላ ጎማው ድንጋይ በነካ ቁጥር የሚፈነጥረው ለዚህ ነው።

ስሕተቱ የሚከፋው ደግሞ የዘይት ችግር በሞላ ሲታከም ነው። የሾኩ ዘይት በማርጀቱ ወይም በመፍሰሱ ሞተሩ መዝለል ሲጀምር፣ ነጂው ላላብኝ ይላል፣ ቀለበቱም ይዞርለታል፤ በዚህም የሚጨምረው ሞላው መልሶ የሚሰጠው ጉልበት ብቻ ሆኖ፣ ያን ጉልበት የሚቀበለው ዘይት ባለመኖሩ መዝለሉ ይብሳል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ በቆመበት ፍሬን ተይዞ ፎርኩ፣ ቀጥሎም መቀመጫው ወደ ታች በኃይል ተጭኖ ይለቀቃል፤ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ከረጋ ዘይቱ በሥራ ላይ ነው፤ ተነሥቶ እንደገና ወርዶ እንደገና ከተነሣ ዘይቱ ሥራውን ትቷል፤ ከተጫነበት ተንቀራፍፎ በጣም ዘግይቶ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ከመጠን በላይ ወፍሯል ወይም ቱቦው ጣምሟል።

የመወፈር ጉዳይ በተለይ ሊጤን የሚገባው ነው። ለፎርክ የሚስማማው ዘይት ቀጭን ሆኖ፣ በብዙ ሞተሮች ላይ 10 ቁጥር የሚባለው ነው፤ እርሱ ሳይገኝ ሲቀር 20 በ50 የሚባለው የሞተር ዘይት ቢሞላበት ፎርኩ በቀትር ሙቀት የሚሠራ ይመስላል፣ በጉና ግርጌ በማለዳ ብርድ ግን እንደ ደነዘዘ ይቀራል። አንድ ነጂ በአንድ ቀን ከ3000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ካለችው ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ ወደ በሽሎ ተፋሰስ ቆላ በሚወርድበት አገር፣ ዘይት በብርድ መወፈሩና በሙቀት መቅጠኑ ከማንኛውም መም ይልቅ ጎልቶ ይታያል። የዘይቱ መጠንም ከዓይነቱ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ በፎርኩ ቱቦ ውስጥ ከዘይቱ በላይ የሚቀረው አየር ሲታመቅ እንደ ሁለተኛ ሞላ ስለሚያገለግል፣ ዘይቱ ከፍ ባለ መጠን አየሩ ይጠባል፣ ፎርኩም ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ይጠነክራል። የዘይቱ ከፍታ የሚለካው ሞላው ወጥቶ፣ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ታጥፎ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ገጽ ድረስ ነው፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ልዩነት መኖር የለበትም።

ስለ አየሩ ከተነሣ ከፍታ የሚያመጣውን ለውጥ ማንሣት ተገቢ ነው። በባሕር ወለል አካባቢ የታሸገ ፎርክ በንፋስ መውጫ ከፍታ ሲደርስ የውጭው አየር ግፊት ከመቶ ሠላሳ እጅ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ውስጡ የታመቀው አየር ፎርኩን ወደ ማስረዘም ይገፋል። ለአንድ የተለመደ ባለ 31 ሚሊ ሜትር ቱቦ ፎርክ ግፊቱ በሁለቱም እግሮች ተደምሮ ወደ 5 ኪሎ ግራም ይሆናል። የሞቶክሮስ ፎርኮች ይህን አየር የሚያስተነፍስ ትንሽ ብሎን አላቸው፤ በአገልግሎት ሞተር ላይ ግን 5 ኪሎ ግራም ከአንድ ነጂ የምሳ ዕቃ ብዙም አይበልጥምና ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ የከበደው ነገር አየሩ በላላ ኦይል ሲል በኩል ዘይቱን ይዞ መውጣቱ ነው። ኦይል ሲል ዘይቱን በቱቦው ላይ የሚያስቀር የጎማ ቀለበት ሲሆን፣ በክረምት ጭቃ በቱቦው ላይ ደርቆ ሲቀር ፎርኩ በታጠፈ ቁጥር ደረቁ ጭቃ የቀለበቱን ከንፈር ይፍቀዋል። ማታ ማታ ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ከማንኛውም ጥገና ይረክሳል።

በበጋ የኮረኮንቹ ችግር ሌላ መልክ ይይዛል። መኪና የበዛበት ጠጠር መንገድ በተከታታይ ሽንትሮች ይቦረቦራል፤ ሽንትሮቹ በ70 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተደረደሩ ናቸው ቢባል፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጎማ በአንድ ሰከንድ 16 ያህሉን ይመታል። ሾኩ ከአንዱ ምት ተመልሶ ሳይረዝም ሌላው ይደርስበታል፤ የምላሽ ማርገቡ ከበዛ ደግሞ ሾኩ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ እያጠረ ሄዶ ከታች ታምቆ ይቀራል፣ ነጂውም ሾኬ ጠንክሯል ይላል። ለዚህ ምልክት የመሙ ሰው የሚሰጠው መልስ ያስደንቃል፤ ሞላውን ሳይነካ የምላሹን ብሎን አንድ ወይም ሁለት ቀጭታ ማላላት። ብሎን የሌለው ነጂ ግን በእጁ ያለው ፍጥነት ነው፤ ወደ 25 ሲወርድ ምቱ በሰከንድ ወደ 10 ይቀንሳል፣ ሾኩም የመመለሻ ጊዜ ያገኛል።

በቁልቁለት ላይ ደግሞ የጭነት ሽግሽግ ይከተላል። ሞተሩና ጭነቱ ያላቸው የክብደት ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታ የሁለቱ ጎማዎች ርቀት ግማሽ ቢሆን፣ ከመሬት ስበት በግማሽ ጉልበት ፍሬን ሲያዝ ከጠቅላላው ክብደት ሩቡ ከኋላ ወደ ፊት ጎማ ይሸጋገራል። ፎርኩ ሲታጠፍ አፍንጫው ይደፋል፣ የኋላው ጎማ ይቀልላል፣ በጠጠር ላይም በቀላሉ ይንሸራተታል። በዳገቱ ይህ ሁሉ ይገለበጣል፤ ኩንታሉ ከኋላ አክስል ወደ ኋላ ተርፎ ከታሰረ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪው በእጅ ውስጥ ይዋልላል፣ ይህንንም ምንም ዓይነት የሾክ ማስተካከያ አይመልሰውም። የጨጨሆን ዳገት ዓይነት ጠመዝማዛ ለሚወጣ ነጂ ጭነቱን በተቻለ መጠን ወደ ጀርባው አስጠግቶ፣ ዝቅ አድርጎ ማሰር ከማንኛውም ውድ ሾክ ይበልጣል።

ከመሙ ሰዎች ልማድ ለዚህ አገር ጋራዥ በቀጥታ ሊወሰድ የሚገባው አሠራራቸው ነው። አማተር ተወዳዳሪ ማስተካከል ከመጀመሩ በፊት የጎማውን ነፋስ ይለካል፤ ጎማ የመጀመሪያው ሞላ ስለሆነ ነፋሱ ሳይታወቅ ስለ ሾክ መናገር ትርጉም የለውም። ቀጥሎም የመሪውን ኩሽኔታ፣ የኋላውን ጎማ የያዘውን ሹካ ቡሽ፣ የጎማውን መላላት ይፈትሻል፤ በእነዚህ ላይ ያለ ክፍተት ከሾክ ችግር ጋር ፍጹም ይመሳሰላል። ከዚያም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ፣ ያንኑ መንገድ በዚያው ፍጥነት ሄዶ፣ ውጤቱን ይጽፋል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሞተሩ ቢሻሻል እንኳ ለምን እንደ ተሻሻለ አያውቅም። በንፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ ያለ መካኒክ ለአንድ ደንበኛ ሦስት ልክ ሊያስቀምጥለት ይችላል፤ ለብቻው፣ ሰው ጭኖ፣ ዕቃ ጭኖ። ለእያንዳንዱ በቀለበቱ ላይ በቀለም ነጥብ ቢደረግ ነጂው ከገበያ መልስ ራሱ ይመልሰዋል።

አንድ የማይቀር ወሰን ግን አለ። በአብዛኞቹ ርካሽ ሞተሮች ላይ የሚገጠመው የኋላ ሾክ በፋብሪካ ተበይዶ የተዘጋ ነው፤ ዘይቱ ሲሞት ተፈትቶ አይሞላም፣ የሚለወጠውም በአዲስ ነው። በዚህ ጊዜ ወጪ ለመቀነስ የፈሰሰውን አንዱን ብቻ መለወጥ የተለመደ ቢሆንም፣ አንደኛው በአዲስ ዘይት በሚገባ የሚረግብ፣ ሌላው ዘይቱ አርጅቶ የሚዘል ሲሆን የኋላ ሹካው በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ወደ አንድ ወገን ይጠመዘዛል፤ ሞተሩም በጥምዝ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲዞርና ወደ ሌላው ሲዞር የተለያየ ባሕርይ ያሳያል። ስለዚህ የኋላ ሾኮች የሚለወጡት ሁልጊዜ በጥንድ ነው፤ ያልፈሰሰው አሮጌም ቢሆን በአዲሱ ጎን ተመልሶ አይገጠምም።